ዶክትሬት ሦስተኛ ዓመት ላይ፦ ከሮቦቱ ጋር ልቀጥል ወይስ ወደ ስክሪኑ ብቻ ልዙር?

ባዶ_እጅ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ለረጅም ጊዜ እያነበብኩ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

የዶክትሬት ትምህርቴ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የምሠራው የሮቦት ክንድ ዕቃ እንዲያነሳ ማድረግ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተዝረከረኩ ነገሮች አሉ፣ ካሜራው ያያቸዋል፣ ፕሮግራሙ በየት በኩል ቢይዛቸው እንደሚሻል ያሰላል፣ ክንዱ ሄዶ ያነሳል። ሲወራ ቀላል ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ካሜራውንና ክንዱን በማስማማት ጨረስኩት። ካሜራው «ዕቃው እዚህ ነው» የሚለውና ክንዱ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚለው በጥቂት ሚሊሜትር ይለያይ ነበር፤ ቀጭን ዕቃ ሲመጣ ያቺ ጥቂት ሚሊሜትር ሁሉን ታበላሻለች።

ሁለተኛው ዓመት ላይ የራሴን ዘዴ ሠራሁ። ሦስተኛው ላይ ልጽፈው ስቀመጥ፣ እኔ በሕልሜም የማላየው ያህል ሮቦትና ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚሠራ የኮምፒዩተር ካርድ) ያለው ቡድን ከብዙ ዳታ በሚማር ትልቅ ሞዴል ከእኔ በጣም የተሻለ ውጤት አወጣ። ጽሑፉን ያነበብኩ ዕለት ማታ የቤተ ሙከራውን መብራት አጥፍቼ ክንዱ አጠገብ ብዙ ተቀመጥኩ።

አብረውኝ የጀመሩት፣ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚሠሩት ልጆች፣ አራትና አምስት ጽሑፍ አሳትመዋል። እኔ አንድ አለኝ። አማካሪዬ ደግ ሰው ናቸው፤ «ታገሺ» ይሉኛል። ምኑን እንደምታገሥ ግን አልገባኝም። ሞተር መቀየሩን፣ የላላ ኬብል ማደኑን ትቼ ወደ ቋንቋና ምስል ሞዴሎች ብዞር አሁንም ጊዜ አለኝ። በዚህ ሙያ ረጅም መንገድ የሄዳችሁ፣ እውነቱን ንገሩኝ።

(ዓመት ስትጠቅሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይሁን፣ እንዳንደናገር።)

ስሌት_ወዳጅ

እህቴ፣ ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ፦ ዙሪ።

እኔም በሮቦት ጀምሬ ነው የወጣሁት። አሁን ማታ አሥር ሙከራ አስነስቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት አሥር ውጤት ይጠብቀኛል። ሮቦት ላይ አንዷን ሙከራ ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ክንዱ ከተጋጨ ደግሞ መለዋወጫው እስኪመጣ ሳምንታት ይሄዱ ነበር። ተመራማሪ የሚያድገው ደጋግሞ ተሳስቶ ደጋግሞ ሲያርም ነው። ሮቦት ያንን ዕድል ይቀንስብሻል።

ትልልቆቹም ይህንኑ አይተዋል። ኦፕንኤአይ በ2019 በአንድ እጁ ሩቢክ ኪዩብ የሚያገላብጥና የሚፈታ ሮቦት አሳየ፤ ሁላችንም ጉድ አልን። በ2021 የሮቦቲክስ ቡድኑን መበተኑ ተሰማ። የሰጡት ምክንያት ዳታ እንደ ልብ በሚገኝበት መስክ ፈጥኖ መራመድ ይቻላል የሚል ነበር። የሮቦት አምራቹ ሪቲንክ ሮቦቲክስ በ2018 ተዘጋ። ሮስ የተባለውን፣ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የምንጠቀምበትን ሶፍትዌር ያሳደገው ዊሎው ጋራዥም የለም። እነዚህ ሰነፎች አልነበሩም። ከምርጦቹ መካከል ነበሩ። እነሱን ያደከመ ሥራ አንቺን ብቻሽን ሲያደክምሽ ማየት አልፈልግም።

ከመጋዘኑ

ስሌት_ወዳጅ ያልከው አይካድም። ግን አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔ የምበላው እንጀራ ከዚያ የመጣ ነው።

ራፋኤሎ ዳንድሪያ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳለ ተማሪዎቹን ይዞ የሮቦት እግር ኳስ ቡድን ይመራ ነበር፤ በሮቦካፕ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፈዋል። ብዙ ትንንሽ ሮቦቶች ሳይጋጩ በፍጥነት እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ያኔ ለብዙ ሰው ጨዋታ ይመስል ነበር። በ2003 ኪቫ ሲስተምስን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፣ በ2012 አማዞን ድርጅቱን በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዛሬ መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ተሸክመው የሚሮጡት ሮቦቶች ዘራቸው ከዚያ ነው።

ባዶ_እጅ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ግን ገንዘቡን አይደለም። ኪቫ መደርደሪያውን ወደ ሰው ያመጣል እንጂ ዕቃውን አያነሳም። የማንሳቱን ሥራ ለሰው እጅ ተዉት፣ ከባዱ እሱ ነበርና። በዚያ ብልሃት ሙሉ ኢንዱስትሪ ቆመ፣ አንቺ የምትሠሪው ጥያቄ ግን እንዳለ ቀረ። እኔ አሁንም በየቀኑ የማየው እሱን ነው፦ ግልጽ ፕላስቲክ፣ ለስላሳ ከረጢት፣ ከሌላ ዕቃ ሥር የገባ ነገር። አንዱ ሮቦት በአንዲት ተጣጣፊ ከረጢት ሲቆም መስመሩ ሁሉ ይቆማል። «በቪዲዮ ይሠራል» የሚባለውና ቀኑን ሙሉ ያለ ሰው የሚሠራው በጣም ይራራቃሉ። ያ ትልቅ ሞዴል ያንቺን ጥያቄ ጨርሶታል ብለሽ አታስቢ። እኛ ጋ አልጨረሰውም።

አሮጌ_ሶልደር

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁና ትንሽ ላስረዝም።

በ1979 ሃንስ ሞራቬክ ስታንፎርድ ውስጥ አንድ ጋሪ ነበረው፣ ካሜራ የተገጠመለት። ጋሪው ወንበር የተበተነበትን 20 ሜትር ገደማ የሆነ ክፍል ለማቋረጥ አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ያስባል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሞራቬክ ከዚያ ዓይነት ሌሊቶች ያወጣው ሐሳብ ነው ዛሬ በስሙ የሚጠራው፦ ለአዋቂ ሰው ከባድ የሚመስለው፣ ቼዝና ሒሳብ፣ ለማሽን ይቀላል፤ ሕፃን የሚችለው፣ ማየትና መንቀሳቀስ፣ ለማሽን ይከብዳል። በ1988 አሳተመው። ስክሪን ላይ ያሉት ጓደኞችሽ ለምን እንደፈጠኑና አንቺ ለምን እንደዘገየሽ መልሱ እዚያ አለ። የሰው አካል ብዙ ሚሊዮን ዓመት የተለማመደውን ሥራ ነው አንቺ በሦስት ዓመት የጀመርሽው።

ያንን ጋሪ ሌሊት አብሮት ይጠብቅ የነበረ አንድ ተማሪ ነበር፣ ሮድኒ ብሩክስ። ጋሪው አምስት ሰዓት ሲፈጅ ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችል ነበር፦ ፈጣን ኮምፒዩተር መጠበቅ ወይም ጥያቄውን ራሱን መጠራጠር። ብሩክስ ሁለተኛውን መረጠ። ያኔ ሮቦት መጀመሪያ የዓለሙን ሙሉ ካርታ በአእምሮው መሥራት፣ ከዚያ ማቀድ፣ ከዚያ መንቀሳቀስ አለበት ተብሎ ይታመን ነበር። እሱ ግን ዝንብን ተመለከተ። ዝንብ ካርታ ሠርታ አይደለም የምትሸሸው። በ1986 ኤምአይቲ ሆኖ ሥራን በንብርብር የሚከፍል ዘዴ አወጣ፦ ታችኛው ንብርብር ግጭትን ብቻ ይሸሻል፣ በላዩ ያለው ይዞራል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይመረምራል፤ ላይኛው ቢበላሽ እንኳ ታችኛው ሥራውን አያቆምም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጄንጊስ የተባለው ባለ ስድስት እግር ሮቦቱ በዚህ መንገድ እንቅፋት ላይ ይረግጥ ነበር።

በ1990 ከኮሊን አንግልና ከሄለን ግራይነር ጋር አይሮቦትን መሠረቱ። ወለል የሚጠርገው ሩምባ የወጣው በ2002 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቁጠሪ። ስሌት_ወዳጅ «ተዘጋ» ያልከው ሪቲንክም የዚሁ ሰው ነበር፤ እንደተዘጋ በዓመቱ ሌላ ድርጅት ከፍቶ ቀጠለ። ሪቲንክን እንደ መቃብር አትዩት። አንድ ሰው አንድን ጥያቄ ለአርባ ዓመት ሲያሳድድ አንደኛው በር ተዘጋበት፣ ይኸው ነው።

ሌላዋ ሩዜና ባይቺ ናቸው። በ1933 የተወለዱ፣ በ1972 ስታንፎርድ ዶክትሬታቸውን የጨረሱ፣ ከዚያ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ግራስፕ የተባለውን ቤተ ሙከራ የመሠረቱ። በ1988 የጻፉት ነገር ዛሬም ትኩስ ነው፦ ማየት ተቀምጦ ፎቶ መቀበል አይደለም። የሚያይ ፍጡር አንገቱን ያዞራል፣ ይጠጋል፣ ይነካል። የማሽን እይታ ሰዎች በቆመ ፎቶ በተጠመዱበት ዘመን ካሜራው መንቀሳቀስ አለበት፣ እጅም የማየት አካል ነው ብለው ተከራከሩ።

አሁን ስለ ራሴ። እኔ በወጣትነቴ ሰባት ዓመት የለፋሁበት፣ ከምስል ላይ ጠርዝና ማዕዘን በእጅ የተጻፈ ሕግ እየለቀመ ዕቃ የሚለይ ዘዴ ነበረኝ። በ2012 የተመራማሪው የጄፍሪ ሂንተንና የተማሪዎቹ የነርቭ ኔትወርክ (ሕጉን ከምሳሌዎች ራሱ የሚማር ፕሮግራም) ኢሜጅኔት የተባለውን ምስል የመለየት ውድድር በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፍ የእኔ ዘዴ በአንድ ወቅት ውስጥ አረጀ። አለቀስኩ ብል አላጋንንም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጥያቄዬን ሳየው አልተነካም ነበር። እኔ «ሮቦት ያላየውን የዕቃ ጀርባ እንዴት ያውቃል?» ብዬ ነበር የተነሳሁት። አዲሱ ኔትወርክ የዕቃውን ስም ነገረኝ፣ ጀርባውን አላሳየኝም። አዲሱን ዘዴ ተማርኩ፣ ወደዚያው ጥያቄ ተመለስኩ፤ እስካሁን እዚያው ነኝ።

ስለዚህ ቆዪ ወይም ሂጂ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘዴሽን ነገርሽን። ጥያቄሽ ምንድን ነው?

ዳታ_ሰብሳቢ

ጋሼ፣ ከእርስዎ ብዙ ተምሬያለሁ፣ በዚህ ግን ልከራከርዎት። የብሩክስንና የሂንተንን ታሪክ የምናወራው ስላሸነፉ ነው። ሂንተን በ1986 ከሩሜልሃርትና ከዊልያምስ ጋር የኔትወርክ ማሠልጠኛውን መንገድ አሳተመ፣ ዓለም ሙሉ በሙሉ የተቀበለው በ2012 ነው። 26 ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እንደሱ ጸንተው ምንም ሳያገኙ የቀሩትን ማን ያስታውሳቸዋል? ለአንዲት ተማሪ «ጽኚ» ስንል ያንንም አብረን መንገር አለብን።

የዳታው ነገርም ቀልድ አይደለም። በ2016 የጉግል ተመራማሪዎች እስከ 14 ክንድ አሰልፈው 800,000 ያህል የማንሳት ሙከራ ሰበሰቡ። በ2022 አርቲ-1 ለተባለው ሞዴል 13 ሮቦት በ17 ወር 130,000 ያህል ሥራ ተቀዳ። ይህን አንድ ተማሪ አትወዳደረውም። በሌላ በኩል በ2023 ብዙ ቤተ ሙከራዎች ያላቸውን አዋጥተው ከ22 ዓይነት ሮቦት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንቅስቃሴ የያዘ የጋራ ስብስብ ለሁሉም ክፍት አደረጉ። ትንሽ ቤተ ሙከራም ገብቶ የሚሠራበት በር ተከፍቷል። መወዳደሩን ትቶ በላዩ መገንባት ይቻላል።

እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት በእንዲህ ዓይነት ዳታ የመሰብሰብ ሥራ ላይ ሠርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። መቆጣጠሪያ ይዤ ክንዱን ከጠዋት እስከ ማታ እመራ ነበር፦ ኩባያ አንሳ፣ አስቀምጥ፣ አንሳ፣ አስቀምጥ። እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። የተሳካውን እናስቀምጥ ነበር፤ ዕቃው ያመለጠበትን፣ የተገለበጠበትን እየሰረዝን እንሄድ ነበር። «ሞዴሉ ስህተት እንዳይማር» ተብሎ። ዛሬ ያንን የጣልነውን ባገኘው ምን ያህል ዋጋ እንደምሰጠው!

ባዶ_እጅ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሌሊቱን አላስተኛኝም።

መጀመሪያ «ሮቦት ማንኛውንም ዕቃ እንዴት ያነሳል?» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ምኞት እንጂ ጥያቄ አይደለም፣ ሰረዝኩት። በእውነት ሁልጊዜ የሚከነክነኝን ስፈልግ ይቺን አገኘሁ፦ ስሌቱ ትክክል ሆኖ፣ ክንዱም ትክክለኛ ቦታ ደርሶ፣ ለምንድን ነው ዕቃው የሚያመልጠው? ይህ እንደሚሆን አውቃለሁ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጽሑፌ ላይ ግን «ያልተሳካ» በሚል አንድ ቁጥር ውስጥ ነው ያለው።

ዳታ_ሰብሳቢ ያልከውን ሳነብ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም እኔ አልጣልኩትም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የወደቀውን ሁሉ ቪዲዮውን፣ የሞተሮቹን ኤሌክትሪክ ፍሰት፣ የጣቶቹን ክፍተት አስቀምጫለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ መሰረዝ ያስፈራኝ ነበር። በጎን ደግሞ ማስታወሻ ደብተር አለኝ፣ በእጅ የተጻፈ። «ተገለበጠ»፣ «ገፋው»፣ «ይዞት ነበር፣ ሲንቀሳቀስ ጣለው» የሚሉ ቃላት ብቻ ናቸው።

አሮጌ_ሶልደር

በይ እንግዲህ፣ ለሁለት ሳምንት ኮድ አትንኪ። ያንን ክፈቺ።

ቪዲዮውን አንድ በአንድ በዝግታ እዪ። በወረቀት ላይ ክፈዪው፤ የክፍሎቹን ስም አስቀድመሽ አታውጪ፣ ራሳቸው ይምጡ። ኮምፒዩተር እንዲመድብልሽ አትቸኩዪ፤ ኮምፒዩተሩ የሚመድበው አንቺ በሰጠሽው መለኪያ ነው፣ የሚጎድልሽ ደግሞ መለኪያው ሊሆን ይችላል።

በ2004 ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም በሞሃቪ በረሃ ሾፌር የሌላቸውን መኪኖች አወዳደረ፤ መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ከሁሉም ርቃ የሄደችው መኪና ግን 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላችም። በቀጣዩ ዓመት አምስት መኪኖች ጨረሱ፣ የስታንፎርዷ ስታንሊ በሰባት ሰዓት ውስጥ ቀደመች። በአንድ ዓመት ኮምፒዩተር ያን ያህል አልፈጠነም። የስታንፎርድ ልጆች የራሳቸው መኪና የሌለ እንቅፋት እያየች ስትሸሽ ተመለከቱ። ምክንያቱን ሲከታተሉት መኪናዋ በትንሹ ስታዘነብል መንገዱን የምታይበት የሌዘር ጨረር ለጥ ያለውን መሬት ግድግዳ አስመስሎ እንደሚያቀርበው አገኙ። ጥፋቱ የት እንደሚወለድ ካወቁ በኋላ መፍትሔው ከስታቲስቲክስ መጣ።

ተመላሿ

በትልቁ ጉዳይ ላይ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ትንንሹ ልናገር፣ ሰው የሚወድቀው በትንንሹ ነውና።

እኔ ዶክትሬቴን ጨርሼ ሮቦት ትቼ አራት ዓመት ሶፍትዌር ሠራሁ፣ ከዚያ ተመለስኩ። መውጣቴ አልጎዳኝም፤ የተጻፈ ኮድ እንዴት ለሌላ ሰው እንደሚነበብ የተማርኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ብትወጪም የሞት ያህል አድርገሽ አታስቢው፣ በሩ ሁለት መንገድ ነው።

የጽሑፍ ብዛት ያስጨንቅሻል። አሁን በቅጥር ኮሚቴ ላይ እቀመጣለሁ። የአመልካች ዝርዝር መጀመሪያ ሲጣራ ቁጥር ይታያል፣ አልዋሽሽም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፍ አንስተን ነው የምናነበው፣ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ሌላው ያላየውን አይቷል ወይ? አንዲት ጽሑፍሽ ያንን ከያዘች ትበቃሻለች።

የደራሲነት ቅደም ተከተልን ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ ተነጋገሩ። እኔ ዝም ብዬ የአንድ ዓመት ሥራዬን ሁለተኛ ስም ሆኜ አይቼዋለሁ። ከማስገቢያው ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀር ሮቦቱ ላይ ምንም አትቀይሪ፣ ሶፍትዌር ማደስም ቢሆን። ቪዲዮሽን የሚሠራ ቀን ሲገኝ ያኔውኑ ቅረጪ። ደግሞ መብራት አጥፍቶ ከክንዱ ጋር መቀመጥ... እኔም ተቀምጫለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ለአንድ ሰው ደውዪ።

የጣት_ጫፍ

ባዶ_እጅ፣ «ስሌቱ ትክክል፣ ቦታው ትክክል፣ ዕቃው ግን አመለጠ» ስትዪ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

እስቲ ካሜራሽ ጣቶቹ ሲዘጉ ምን ያያል? የጣቶቹን ጀርባ። ወሳኙ ቅጽበት ሲደርስ የራስሽ ግሪፐር (የክንዱ መያዣ) ይጋርደዋል። ሰው ግን በዚያች ቅጽበት በዓይኑ አይደለም የሚሠራው። ስዊድናዊው ሮላንድ ዮሃንሰን ከዌስትሊንግ ጋር በ1984 ያሳተሙት ሥራ አለ፦ ሰው ዕቃ ሲይዝ የሚጨብጥበት ኃይል እንዳይንሸራተት ከሚያስፈልገው በትንሹ ብቻ ይበልጣል፣ ቆዳው ልስላሴውን ባወቀ ቁጥርም ኃይሉን ያስተካክላል፤ ባለቤቱ ሳያስበው። ዮሃንሰን በኋላ የአንዲት ሴት የጣት ጫፎች በመድኃኒት ደንዝዘው ክብሪት ስትጭር ያሳየበት ቪዲዮም አለ። ጡንቻዋ ደህና ነው፣ ዓይኗ ያያል። ክብሪቷ ግን ትወድቃለች፣ ደግማ ታነሳለች፣ ትወድቃለች። ያንን ሳይ የእኛን ሮቦቶች ነው ያየሁት። ሁሉም የደነዘዘ ጣት ነው ያላቸው።

ለማሽን ቆዳ መሥራት ይቻላል። ኤምአይቲ ውስጥ በኤድዋርድ አደልሰን ቤተ ሙከራ የተጀመረው ጄልሳይት ለስላሳ ጄል ነው፣ ፊቱ የሚያንጸባርቅ ቀለም ተቀብቶ፣ ከኋላው መብራትና ትንሽ ካሜራ አለ። ዕቃ ሲጫነው ጄሉ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፣ ካሜራው ከውስጥ ሆኖ ያነበዋል። ጄሉ ላይ ነጠብጣብ ካደረግሽበት የነጠብጣቦቹ መንቀሳቀስ ዕቃው ሊያመልጥ መሆኑን ገና ሳያመልጥ ይነግርሻል። ችግሩ ጄሉ ያልቃል፤ ይላጣል፣ ይቀደዳል። ስለዚህ ሰዎች ይሰለቹታል። አንቺ ግን ካሜራና ክንድ ለማስማማት አንድ ዓመት የታገሥሽ ሰው ነሽ።

ስሌት_ወዳጅ

ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ የሥራ ገበያው ሲከብድ አይቻለሁና ያልኩትን ብዬዋለሁ። ግን አንድ ነገር ላግዝሽ። ያ የበለጠሽ ቡድን ሞዴሉን ለሕዝብ ከለቀቀው አውርጂና በራስሽ ክንድ ላይ፣ በራስሽ ዕቃዎች አስኪጂው። ውድቀቱን ከራስሽ ውድቀት ጎን አስቀምጪ። ለማስኬድ ጂፒዩ ካጠረሽ በግል ጻፊልኝ፣ የእኔ ማታ ማታ ነጻ ነው።

ባዶ_እጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ቪዲዮዎቹን በሙሉ አየሁ። እኔ ትልቁ ጥፋት የካሜራው ነው ብዬ ነበር የማምነው፣ አንድ ዓመት የፈጀሁትም ለዚያ ነው። በካሜራ ስህተት የወደቁት ግን ከጠበቅኩት በጣም ጥቂት ናቸው። ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ክምር ደብተሬ ላይ «ገፋው» ብዬ የጻፍኩት ነው። አንዱ ጣት ከሌላው በትንሽ ቀድሞ ዕቃውን ይነካዋል፣ ዕቃው ይንሸራተታል ወይም ይዞራል፣ ሁለተኛው ጣት ሲደርስ ዕቃው ያኔ በታሰበበት ቦታ የለም። ፕሮግራሙ ይህ መሆኑን ጨርሶ አያውቅም፤ እሱ ዕቅዱን የጨረሰው ጣቶቹ መዝጋት ሳይጀምሩ ነው። የሞተሩ ፍሰት ላይ ስመለከት ያቺ የመጀመሪያ ንክኪ እንደ ትንሽ ጉብታ ትታያለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ፋይሉ ውስጥ ነበረች፣ እኔ አላነበብኳትም።

ስሌት_ወዳጅ፣ ላንተ ልዩ ምስጋና አለኝ። ትልቁን ሞዴል ባንተ ጂፒዩ አስኬድነው። በአብዛኛው ዕቃ ከእኔ ይሻላል፣ በሐቅ ልናገር። ሲወድቅ ግን በብዛት የሚወድቀው እዚያው ክምር ውስጥ ነው፦ ገፋው። ቀላልና ክብ ዕቃ ላይ በተለይ። አማካሪዬ ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸውን ቪዲዮዎች አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ይህችን ደግመሽ አሳዪኝ» አሉኝ። እስከ ማታ አየናቸው።

አሮጌው ዘዴዬ ራሱን ችሎ አይታተምም፤ ከሞዴሉ ጋር አልወዳደርም። ሞዴሉ ያቅድ፣ የእኔ ሥራ ከመጀመሪያዋ ንክኪ በኋላ ይጀምር ብያለሁ። መጀመሪያ በሞተር ፍሰቱ ብቻ እሞክራለሁ፣ እሱ ነጻ ነው። ካልበቃ ጄል እገጥማለሁ።

የጣት_ጫፍ፣ ጄሉን ራሴ ለማፍሰስ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ። ውስጡ አረፋ ይሞላል፣ ቀለሙም ከሃምሳ ማንሳት በኋላ ይላጣል። ምን ላድርግ?

የጣት_ጫፍ

አረፋው ጄሉ የሚሠራበትን ሲሊኮን ስትቀላቅዪ የገባ አየር ነው። ከቀላቀልሽ በኋላ ሳታፈስሺው ቫኪዩም (አየሩ የሚመጠጥ ዕቃ) ውስጥ አስገቢው፤ ተነፋፍቶ እስኪወርድ ጠብቂ፣ ከዚያ በቀጭኑ፣ ከአንድ ጥግ ጀምረሽ በዝግታ አፍስሺ። ለቀለሙ ደግሞ የቀለሙን ዱቄት በዚያው ዓይነት ሲሊኮን አቅጥነሽ በጥብጪና ቀቢው፤ ሌላ ዓይነት ቀለም ከጄሉ ጋር አይለጠጥም፣ ለዚያ ነው የሚላጠው። መጀመሪያ አንድ ጣት ብቻ ሥሪ። የሁለቱን ጊዜ አንድ ላይ ማስማማት ሌላ ራስ ምታት ነው፣ እሱን ስትደርሺበት ጻፊልኝ።